ለአንድ ዋየርለስ ደብረ ኤልያስ ድረስ

ቅዳሜ ጠዋት፣ ደብረ ማርቆስ

ከደብረ ማርቆስ ወደ ደብረ ኤልያስ የተጓዝኩት አንድ ላፕቶፕ ኢንተርኔት እንዲይዝ ለማድረግ ነው። ነገሩን ቀላል አድርጌ ነበር ያየሁት። ማርቆስ ውስጥ ኮምፒውተር እጠግናለሁ፤ ሊኑክስ የሚባለው ብዙ ያልተለመደ ሲስተም የተጫነበት ማሽን ሲመጣባቸው ሌሎቹ ጠጋኞች ወደ እኔ ይልኩታል። እየተመካሁ አይደለም። እሺ፣ ትንሽ እመካለሁ።

ላፕቶፑ ደብረ ኤልያስ ቅኔ የሚያስተምሩት የመሪጌታ ይትባረክ ነው። ልጃቸው ማንጠግቦሽ ከልጅነቷ ጀምሮ መስማት የተሳናት ናት፤ አዲስ አበባ ትምህርት ቤት ከገባች ዓመት ሞልቷታል፤ ለክረምቱም አልመጣችም። ለአባቷ በሞባይል ትጽፋለች። እናቷ ወይዘሮ የዝና ግን ማንበብ አይችሉም፤ ከልጃቸው ጋር የሚነጋገሩት ሁለቱ እቤት ውስጥ በፈጠሩት የእጅ ምልክት ነው። የቤቱ ስልክ ደግሞ ቪዲዮ የሌለው ተራ ስልክ ስለሆነ ምንም አያደርግላቸውም። ስለዚህ እናቲቱ ልጃቸውን ሳያናግሩ ዓመት ሞላ።

የማንጠግቦሽ ትምህርት ቤት ይህንን አይቶ በቪዲዮ እንዲተያዩ ላፕቶፑን ለቤተሰቡ ላከላቸው፤ ቫይረስ እንዳያስቸግራቸው ብለው ሊኑክስ ጭነውበታል። ከመሪጌታ አጥር አጠገብ ያለው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ዋየርለስ አለው፤ ርእሰ መምህሩም እንዲጠቀሙበት ፈቅደውላቸዋል። ላፕቶፑ ግን ዋየርለሱን ጭራሽ አያየውም። እሑድ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ማንጠግቦሽ ኮምፒውተር ፊት ተቀምጣ ልትጠብቅ ተቀጥሯል። ከዚያ በኋላ ፈተና ስለሚጀምሩ የኮምፒውተር ክፍሉ ይዘጋባታል።

መሪጌታ የማሽኑን ሞዴል በስልክ ፊደል በፊደል አንብበውልኝ ስለነበር ችግሩን ወዲያው ገመትኩት፤ የዋየርለስ ካርዱን የሚያሠራው ፕሮግራም፣ ድራይቨሩ፣ አልተጫነም። ድራይቨሩን ለማውረድ ደግሞ ኢንተርኔት ያስፈልጋል፤ እሳቸው የሌላቸው እሱን ነው። እዚሁ ማርቆስ አውርጄ በፍላሽ ያዝኩና ወደ መናኸሪያ ሄድኩ።

መንገዱ

ሚኒባሱ ሞልቷል ከተባለ በኋላም ሰው ተጨመረበት። ረዳቱ ከታሪፉ በላይ ጠየቀኝ፤ ተከራክሬ፣ ተሸንፌ ከፈልኩ። አስፋልቱን ለቀን ጠጠር መንገድ ስንይዝ አቧራው በማይዘጋው መስኮት ይገባ ጀመር። ወሩ ኅዳር ነው፤ ግራና ቀኝ ጤፍ በደቦ ይታጨዳል። አጫጆቹ መኪና ሲያዩ ቀና ብለው ወገባቸውን ያፍታታሉ።

አንድ ማዳበሪያ ሽንኩርት እግሯ ሥር ያደረገች ሴት ከጎኔ ተቀምጣለች።

«ምን ልትሠራ ነው ኤልያስ የምትሄድ?»

«ኢንተርኔት ላስገባ ነው።»

«ምነው ታዲያ መጀመሪያ ውሃውን ብታስገቡልን!» አለች። መኪናው ሙሉ ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ።

ደብረ ኤልያስ

መሪጌታ መናኸሪያ ድረስ መጥተው ተቀበሉኝ። «እንደምን ዋልህ ጌትነት፣ መንገዱ አልጎዳህም?» እያሉ ቦርሳዬን ሊቀሙኝ ይታገላሉ። ቤት ስንደርስ ጾም ስለሆነ የሱፍ ፍትፍት ቀረበልኝ። ወይዘሮ የዝና ከፊቴ ቆመው «ብላ እንጂ፣ ባዶ ሆድ ይሠራል እንዴ» ይሉኛል፤ ዓይናቸው ግን ላፕቶፑ ላይ ነው።

ፍላሹን ሰካሁ፣ ጥቁሩን መስኮት ከፍቼ ትእዛዞቹን ጻፍኩ፣ ማሽኑን አጥፍቼ አበራሁት። የትምህርት ቤቱ ዋየርለስ ስም ብቅ አለ። የይለፍ ቃሉ የፊደልና የቁጥር ድብልቅ ነው፤ መሪጌታ ወረቀት ሳያዩ በቃላቸው ወረዱት። ተገናኘ። እንዳልኩት ቀላል ሆነልኝ።

መሪጌታ ደስ ብሏቸው ከሣጥን ውስጥ አዲስ የቆዳ ማኅደር አወጡ። ዳዊታቸውና ሌሎቹ መጻሕፍት በየማኅደራቸው ሆነው ግድግዳው ላይ ተሰቅለዋል። ለላፕቶፑም ልኩን አስወስደው አሰፍተውለታል፤ ይሥራ አይሥራ ሳይታወቅ ግን ሊያለብሱት አልፈለጉም ነበር።

«መጽሐፍ ተጽፎ ሲያልቅ ነው ማኅደር የሚገባ» አሉኝ። «ይኸው ይህም አለቀለት።»

ጥብቅ ያለ፣ ጥሩ ስፌት ነው። ላፕቶፑን ከተው ከዳዊቱ ጎን ሰቀሉት።

እሑድ

ወይዘሮ የዝና ነጭ ቀሚሳቸውን ለብሰው፣ አዲስ ሻሽ አስረው ጠረጴዛው ፊት ተቀመጡ። መሪጌታ ላፕቶፑን ከማኅደሩ አወጡ፤ እኔ አበራሁት። ዋየርለስ የለም።

ድራይቨሩን አጥፍቼ እንደገና ጫንኩት። የለም። ለርእሰ መምህሩ ደወልን፤ የእሳቸው ክፍት ነው። ሌላ ትእዛዝ ሞከርኩ፤ ማሽኑን አጥፍቼ አበራሁ። ትናንት የሠራ ነገር ዛሬ ምን ነካው?

ዘጠኝ ሰዓት ሆነ፤ አለፈም። ወይዘሮ የዝና እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ እኔ የምጽፍበትን ጥቁር መስኮት ያያሉ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ማንጠግቦሽ አዲስ አበባ ላይ ባዶ መስኮት እያየች እንደሆነ እያሰብኩ ያንኑ ትእዛዝ ደግሜ ጻፍኩ።

«በቃ ልጄ፣ ደክሞሃል» አሉ መሪጌታ። ላፕቶፑን ዘግተው ወደ ማኅደሩ መለሱት። ሲገባ ቀጭ የሚል ድምፅ ሰማሁ።

«ይቆዩ መሪጌታ! እስቲ መልሰው ያውጡት።»

ሲያወጡት ድምፁ ተደገመ። ከላፕቶፑ የፊት ጠርዝ፣ መዳፍ ከሚያርፍበት ሥር፣ ዋየርለሱን የሚያጠፋና የሚያበራ ትንሽ ተንሸራታች ቁልፍ አለ። ጥብቁ ቆዳ ሲገባ ወደ አንድ ወገን፣ ሲወጣ ወደ ሌላው ይገፋዋል። ስለዚህ በወጣ ቁጥር ጠፍቶ ነው የሚወጣው። እኔ ደግሞ ችግሩን ያለማቋረጥ የምፈልገው ከውስጥ ነበር። ቁልፉን በጥፍሬ መለስኩት።

ማንጠግቦሽ አልሄደችም። ምስሏ እየተቆራረጠ መጣ፤ መጀመሪያ ግንባሯ፣ ከዚያ ፊቷ በሙሉ። ወይዘሮ የዝና ጉንጫቸውን በሁለት ጣት ነካ አደረጉ። የልጃቸው ስም በምልክት ያ እንደሆነ በኋላ ነው የተረዳሁት። ልጅቷ ከወንበሯ ብድግ ብላ በሁለት እጇ መለሰች። ከዚያ ማን ያቁማቸው! ሳቁ፣ አለቀሱ፤ እናቲቱ ጉንጫቸውን ወደ ውስጥ ስበው ተቆጡ፣ ከስተሻል ማለታቸው መሰለኝ። ቤቱ ውስጥ ግን አንድ ቃል አይሰማም። እኔም እንባዬ መጣ፤ አልደበቅሁትም።

መሪጌታ ከኋላ ቆመው አንገታቸውን ያሰግጋሉ። ተማሪ ሁሉ የሚፈራቸው የቅኔ መምህር የሚስታቸውን እጅ መከተል አቅቷቸዋል።

«ምን አለች?» ብለው ጠየቁ።

ወይዘሮ የዝና ዓይናቸውን ሳይነቅሉ «ይቆዩ እስቲ፣ አያቋርጡን!» አሏቸው።

ሰኞ፣ ወደ ቤት

ከመነሳቴ በፊት ከመሪጌታ ጋር ቆዳ ሠራተኛው ዘንድ ሄደን፣ ከቁልፉ ትይዩ ያለው ቆዳ ላላ እንዲል አደረግን። ማኅደሩን ይተውት ለማለት አልደፈርኩም፤ ደግሞም ያምርበታል። እኔም ከዚህ ጉዞ አንድ ልማድ ይዤ ተመልሻለሁ። ማሽን ሲመጣልኝ ትእዛዝ ከመጻፌ በፊት ዙሪያውን በጣቴ እዳስሳለሁ፤ ባለቤቱንም ሥራ ሲጨርስ የት እንደሚያስቀምጠው እጠይቃለሁ።

ማርቆስ ስደርስ የቤቴን በር እንደከፈትኩ ደወልኩ።

«መሪጌታ፣ ዋየርለሱ እየሠራ ነው?»

«እሱስ ይሠራል፤ እግዜር ይስጥህ» አሉኝ። «አሁን ግን ስልኩን ልዝጋው ልጄ፣ ሁለት እጄም ያስፈልገኛል። የዝና እያስተማረችኝ ነው።»