አባቴ የዘረጋው የፍሳሽ ቱቦ

በቀደም ዲመን ከተማ ባለው ቤቴ፣ ቧንቧ ሠራተኛው ሲንኩ ሥር ገብቶ የቱቦ ማጣበቂያውን ጣሳ ሲከፍት፣ ያ አፍንጫ የሚሰረስር ሽታ ኩሽናውን ሞላውና እኔ፣ የልጆች እናት፣ በቁሜ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ሆንኩ። እዚያው ወንበር ላይ ቁጭ አልኩ።

ያደግነው ሮተርዳም አጠገብ፣ ካፔለ አን ደን አይሰል፣ ፎቅ ላይ ባለ የኪራይ ቤት ነው። አባቴ አዲስ አበባ ሳለ ስሙ የተጠራ የቧንቧ ሠራተኛ ነበር፤ እዚህ ግን ወረቀት እንጂ እጅ የሚጠይቅ ሰው ስላልነበረ ቢሮ ያጸዳ ነበር። እናቴ ሆቴል ውስጥ ዕቃ ታጥብ ነበር። ቅጠሉ ረግፎ ብርዱ ሲጀምር እጇ እየተሰነጠቀ ይደማ ነበር፤ ቫዝሊን ተቀብታ ትተኛና ጠዋት ተነስታ ደግሞ የኛን ሰሃን ታጥባለች። አባቴ ይህን እያየ ሲብሰለሰል ከርሞ፣ አንድ ቀን ከሥራ ባልደረባው ያገለገለ የዕቃ ማጠቢያ ማሽን ይዞ መጣ። እናቴ «አንተ ሰው፣ ይሄን የት ልታደርገው ነው?» ብትለው፣ «አንቺ እጅሽን አሳርፊ፣ የቀረውን ለኔ ተይው» አላት።

በረዶው እስኪያልፍ ድረስ ሥራው ፕላን መንደፍ ብቻ ነበር። ከሥራ ሲመለስ በደብዳቤ ፖስታዎች ጀርባ ላይ ሲንኩን፣ ሽታ የሚያግደውን ጎባጣ ቱቦ ሲፎኑን፣ የማሽኑን የፍሳሽ ጎማ ይስል፣ ይሰርዝ፣ እንደገና ይስል ነበር። የሲንኩ ቱቦ ጠባብና ያረጀ ስለነበር የማሽኑን ፍሳሽ እዚያ ላይ መጫን አልፈለገም፤ የራሱ ሲፎን ያለው ሌላ ቱቦ ዘርግቶ ግድግዳው ውስጥ ካለው ዋና ቱቦ ጋር ሊያገናኘው አሰበ። ጎማው መጀመሪያ ወደ ላይ ወጥቶ ነው መውረድ ያለበት፣ አለዚያ የሲንኩ እድፍ ተመልሶ ማሽኑ ውስጥ ይገባል እያለ ያስረዳኝ ነበር። «ውሃ ይሉኝታ የለውም፣ ሚጣዬ፣ ቀዳዳ ካገኘ አንቱ ብለሽ ብትለምኚውም አይመለስልሽም» ይለኝ ነበር። እንደዚያ ደስ ብሎት አይቼው አላውቅም።

ዋናውን ቱቦ ለመንካት ግን ቤቱን ያከራየን ድርጅት መፍቀድ ነበረበት፣ ደውዬ የምጠይቀው ደግሞ እኔ ነበርኩ። የቤታችን የደች አፍ እኔ ነኛ! ሐኪም ቤት እኔ፣ ማዘጋጃ ቤቱ ሄሜንተ እኔ፣ የመብራት ደብዳቤ እኔ። በሙዚቃ ሲያስጠብቁኝ ቆይተው «እስቲ ትልቅ ሰው አቅርቢ» ሲሉኝ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ እመርጥ ነበር። እውነቱን ልናገር፣ ስልኩ ብቻ ሳይሆን ወላጆቼም ሰልችተውኝ ነበር። አልደወልኩም። አባቴ «ምን አሉ?» ሲለኝ ዓይኑን ሳላይ «ይቻላል አሉ» አልኩት።

ለፋሲካ ሳምንት ሲቀረው ሠራው። ውሃ ልኩን አስቀምጦ የቱቦውን ዘቅዛቃነት ይለካ፣ በመጋዝ የቆረጠውን ጠርዝ በብርጭቆ ወረቀት ያለሰልስ፣ ማጣበቂያውን ቀብቶ እስኪይዝ ድረስ በሁለት እጁ ጨብጦ ይቆይ ነበር። ማሽኑን አስነስቶ ከቱቦው ሥር ደረቅ ሶፍት አነጠፈና ተንበርክኮ ጠበቀ፤ አንዲት ጠብታ አልወረደችም። የፋሲካ ዕለት እንግዶቹ የበሉበትን ሁሉ ማሽኑ አጠበው። እናቴ የምትሠራው ጠፍቷት እጇን አጣምራ ተቀምጣ ነበር፣ አባቴም ለመጣው ሁሉ የሲንኩን ቁም ሳጥን እየከፈተ ያሳይ ነበር። በሁለት ወር ውስጥ የእናቴ እጅ ቆዳ መልሶ ገጠመ።

ሙቀቱ ሲገባ ከኛ በታች ያለው ጎረቤት ኮርኒስ ላይ እርጥበት ታየና ከድርጅቱ አንድ ሰውዬ መጣ። ውሃው የመጣው ከጎን ቤት ሻወር መሆኑን አረጋገጠ፤ ነገር ግን ሲፈትሽ የኛን ሲንክ ሥር ከፍቶ አዲሱን ቱቦ አየ። በባትሪ እያበራ በጣቱ ዳሰሰውና «ኔትየስ!» አለ፤ ጥንቅቅ ያለ ሥራ ነው ማለቱ ነው። «የኛዎቹም እንዲህ አይሠሩም። ግን ፈቃድ የለውም፣ መነሳት አለበት» አለ።

አባቴ ወደ እኔ ዞረ። «ፈቅደዋል ብለሽኝ የለም እንዴ? ንገሪው እንጂ!»

እኔም ለሰውዬው በደች «አይቻልም ብዬው ነበር፣ አባቴ አይገባውም» አልኩት። ለአባቴ «አንሱት ነው የሚለው» ብቻ አልኩት። ሥራውን እንዳደነቀ አልነገርኩትም። ሰውዬው አባቴን እንደ ሕፃን ትከሻውን መታ መታ አድርጎት ወጣ።

በማግስቱ አባቴ የዘረጋውን በገዛ እጁ ቆርጦ አነሳ፣ ማሽኑን ዛንዳም ከተማ ላለ ወዳጁ ሰጠ። ከዚያ ወዲህ ቧንቧ ሲያንጠባጥብ እንኳ «ለባለቤቶቹ ይደወል» ይል ነበር እንጂ መፍቻ አልነካም። ቅጠሉ ዳግም ሳይረግፍ የእናቴ እጅ መድማት ጀመረ፤ እኔም አጠገቧ ቆሜ ሰሃን አደርቅ ነበር።

ይህን ሃያ ዓመት ውጬው ኖርኩ። በቀደም ሠራተኛው እንደወጣ ካፔለ ሄጄ ለአባቴ ሁሉንም ዘረገፍኩት፤ አለመደወሌን፣ ሰውዬው ሥራውን ማድነቁን።

«ማድነቁንማ ሰምቻለሁ» አለኝ። «ኔትየስ ለጽዳት ሠራተኛ በየቀኑ የሚባል ቃል እኮ ነው። አባቴ አይገባውም ያልሽውንም ሰምቻለሁ።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልክ?»

«አንቺን ባዋርድሽ በማግስቱ ማን ይናገርልኝ ነበር?»

ያኔ ሐኪም ቤት የሚሄደው እኔን ከትምህርት ቤት አስቀርቶ ነበር። ዛሬ ብቻውን ይሄዳል፤ አብሬህ ልሂድ ስለው ጃኬቱን እየለበሰ «ተይው ልጄ፣ ይገባኛል» ይለኛል።