የሸማኔው ፕሬዚዳንት

ጋሽ ጥሩነህ ኦስሎ ውስጥ ትምህርት ቤት ሲያጸዱ ኖረው ጡረታ የወጡ፣ ዝምተኛ የቬስትሊ ሰፈር ሰው ናቸው። አገር ቤት ምን ይሠሩ እንደነበር ሲጠየቁ «ጨርቃ ጨርቅ» ይላሉ። ሰው ፋብሪካ ይመስለዋል። ጎረቤታቸው ሆኜ እኔም እንደዚያው ይመስለኝ ነበር። ለካ ሽሮ ሜዳ ሸማኔ ነበሩ። «ቁጢት በጣሽ» እየተባሉ ስላደጉ፣ ስድቡ ባሕር ተሻግሮ ልጃቸው ላይ እንዳይደርስ ሙያቸውን ቀብረውታል።

በፈረንጆቹ 2014 ልጃቸው እየሩሳሌም ልትታጭ ሆነ። ጋሽ ጥሩነህ ምድር ቤት ባለችው ቦዳቸው፣ አሮጌ ዕቃ በሚታጎርባት ክፍል፣ ጥበቧን በድብቅ ይሸምኑ ጀመር። የሲሚንቶ ወለል ለእግር ጉድጓድ አይቆፈርበትም፤ መቀመጫውን በሳንቃ ከፍ አድርገው እግራቸውን ከሥር አንጠለጠሉ። የወንድ ወገን ከጠየቀ «ከአገር ቤት ነው» ሊሉ ቆርጠዋል። የሙሽራው እናት፣ ወይዘሮ ጸዳለ፣ ዘር ቆጣሪ ናቸው ይባላል።

ጥቅምት መጨረሻ ላይ ቴሌቪዥኑ የቡርኪና ፋሶ ሕዝብ መሪውን ሲያባርር ያሳያል። ወጣቶቹ የአንድ ወታደር ፎቶ ይዘዋል። ከአባቷ ጋር የተባባሉትን የነገረችኝ እየሩሳሌም ናት።

«ይሄ ማነው?»

«ሳንካራ ነዋ ፓፓ! ቶማስ ሳንካራ። በፈረንጆቹ 1987 የተገደለው ፕሬዚዳንታቸው።»

«ወታደርማ እናውቃለን።»

«ኔይ፣ አይደለም፣ ስማኝ! መልአክ ነው አላልኩም፤ መምህራንም አባሯል። ግን የመንግሥት ሠራተኛ በአገሩ ሸማኔ የተሠራ ልብስ እንዲለብስ ያዘዘ ሰው ነው። በሞተበት ዓመት አዲስ አበባ መጥቶ፣ አፍሪካ አዳራሽ መሪዎቹ ፊት፣ የለበስነውን የሸመኑልን የገዛ ሰዎቻችን ናቸው ብሏል።»

ጋሽ ጥሩነህ የቴሌቪዥኑን ድምፅ ዘጉት።

«ያኔ እኔ ሽሮ ሜዳ ጉድጓዴ ውስጥ ነበርኩ» አሉ። «እዚያው ከተማ! ሰው አልነገረኝም።»

«የምን ጉድጓድ?»

እጇን ይዘው ወደ ቦዱ አወረዷት።

በእጮኝነቱ ቀን እኔም ነበርኩ። ወይዘሮ ጸዳለ የእየሩሳሌምን ጥበብ ጥለት በጣታቸው ዳሰሱ። «ምን ዓይነት እጅ ነው! ከየት አስመጣችሁት?»

እየሩሳሌም አባቷን አየች።

«ከቬስትሊ» አሉ ጋሽ ጥሩነህ። «እኔ ነኝ የሠራሁት። ሸማኔ ነኝ።»

የወይዘሮዋ ወንድም ጌቱ ጉሮሮውን ጠረገ። «እንግዲህ... ቀድሞ ዘር ማጣራት...»

«ዝም በል አንተ! ሱፍህን በሳልግ፣ በቅናሽ ገዝተህ!» አሉ ወይዘሮ ጸዳለ። ጥበቡን እንደገና አገላብጠው አዩት። «ጋሽ ጥሩነህ፣ ለእኔስ ነጠላ ለሠርጉ ይደርስልኛል?»

«ይደርሳል።»

አንድም ቀን ረግጠነው በማናውቅ አገር፣ ሳንካራ ከተገደለ ስንት ዘመን ሆነው! ቃሉ ግን ቬስትሊ ምድር ቤት ድረስ ወርዶ ሰው አስነሣ። እንዴት አድርጌ እንደምጽፈው አላውቅም፤ ይገርመኛል።

በማግስቱ ብስክሌቴን ላወጣ ስወርድ የቦዱ በር ወለል ብሎ ተከፍቷል። የመወርወሪያው ድምፅ ኮሪደሩን ሞልቶታል። ግድግዳው ላይ፣ ከድሩ በላይ፣ ካፒቴን ሳንካራ በፎቶ ሆኖ ሥራውን ያያል።