ለመርማሪዎቹ የቀረበው የፍራፍሬ ሰላጣ

ይህን የምጽፈው ነገሩ ዛሬ በሁለት የተሳሳተ መልክ ስለሚወራ ነው። በሻይ ቤት እንደ ቀልድ ይነገራል፤ በስብሰባ ላይ ደግሞ የባላባቶችን ሆዳምነት ለማስረዳት ይጠቀሳል። ሰላጣውን የሠራሁት እኔ ነኝ። የቀረበበት ክፍል ውስጥም ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነበርሁ። ስለዚህ የሆነውን እንደ ሆነ ማስፈር ይገባኛል።

ጊዜው አብዮቱ ሊፈነዳ ጥቂት ወራት ሲቀሩት፣ በገና ጾም ነበር። ያኔ በወሎ ቦረና፣ በመካነ ሰላም ከተማ አስተማሪ ነበርሁ። ከገበያው በታች ባለው ሜዳ ላይ ረሃብ ከየቆላው ያወጣቸው ሰዎች ሰፍረው ነበር። ቁጥራቸው በየቀኑ ይጨምራል፤ በየቀኑም ይቀንሳል። የሚጨምሩት በእግራቸው መጥተው ሲሆን የሚቀንሱት በቃሬዛ ነበር።

አንድ ቀን የከተማው ሹም የነበሩት ግራዝማች ይመር ሰብስበውን መልካም ዜና ነገሩን። ከአዲስ አበባ የተላኩ ሁለት መርማሪዎች በደሴ በኩል ሊመጡ ነው። ለእኛ አካባቢ እህል ይላክ ወይስ አይላክ የሚለውን ሜዳውን አይተው የሚወስኑት እነርሱ ናቸው። እህሉ ደሴ ደርሶ ቆሟል፤ የሚጠበቀው የእነርሱ ቃል ብቻ ነው።

ይህ ከተነገረ በኋላ በመጀመሪያ የተነሣው ጥያቄ ግን ስለ ሜዳው አልነበረም። «ምን እናበላቸዋለን?» የሚል ነበር።

ጥያቄው የዋዛ አልነበረም። የመርማሪዎቹ መሪ አጥባቂ ጿሚ ናቸው ተብሏል፤ ስለዚህ ሥጋ፣ ወተትና ቅቤ ቀሩ። ሁለተኛው መርማሪ ሐኪም ሲሆን እስላም ነው ተብሏል፤ ስለዚህ ጾሙ ባይኖር እንኳ በጉን ማን ይረደው የሚለው ክርክር ይጠብቀን ነበር። አንድ ሰው ሽሮ ይሁን ሲል ግራዝማች እንደ ተሰደበ ሰው አዩት።

«ከአዲስ አበባ ድረስ አቧራ ጠጥቶ የመጣ ሰው ሽሮ ሊበላ ነው?» አሉ።

ሼህ እንድሪስም በጉባኤው ላይ ነበሩ። በከተማው ዳር ለልጆች ቁርኣን የሚያስቀሩ አዛውንት ናቸው። እህታቸው ከድጃ ከሁለት ልጆቿ ጋር ከቆላ ወጥታለች፤ በወንድሟ ቤት የሚቀመስ እህል ስላልነበረ፣ እህል የታደለ እንደሆነ ተራዋ እንዳያልፋት ብላ ሜዳው ላይ ሰፍራ ነበር።

«ግራዝማች፣ አፉ ይበሉኝና» አሉ ሼህ እንድሪስ፣ «ሰዎቹ የሚመጡት ምን እንደምንበላ ሊያዩ አይደል? የምንበላውን እናቅርብላቸው። ከሜዳው ድስት አንድ ጭልፋ የተቀቀለ ሳማ።»

«ገመናችንን በሳሕን አድርገን ለእንግዳ እናቅርብ ነው የሚሉት?»

«በሳሕን ካላዩት በምን ሊያዩት ነው?»

ግራዝማች ሌላ ሐሳብ ጠየቁ። ሳማው ያለ ክርክር ውድቅ ሆነ።

በዚህ ጊዜ እኔ ተነሣሁ። ከትምህርት ቤት የመጻሕፍት ሣጥን ያገኘሁት አንድ የባዕድ አገር የቤት አያያዝ መጽሐፍ ነበረኝ። በውስጡ በረዶ በሚወርድባቸው አገሮች በታኅሣሥ ብርድ ስለሚሠራ የፍራፍሬ ሰላጣና በላዩ ስለሚፈስ የሎሚና የብርቱካን ማጣፈጫ የሚያስረዳ ምዕራፍ አለ። ፍራፍሬ ጾም አያስፈታም፤ ቢላዋውን የያዘውም ሰው ሃይማኖት አይጠየቅበትም። ይህንን ሳስረዳ ጉባኤው የተገላገለ ሰው ፊት አሳየኝ።

«ተመልከቱ» አሉ ግራዝማች፣ «ማንበብ ለዚህ ነው።»

ፍሬ የሚገኝበት ቦታ አንድ ብቻ ነበር። ሼህ እንድሪስ ከገደሉ በታች፣ ምንጭ አጠገብ፣ ከአባታቸው የወረሱት ጓሮ አላቸው። ብርቱካን፣ ትርንጎ፣ ሎሚና ጥቂት ሙዝ አለበት። ምንጩ ስላልነጠፈ ድርቁ አልደረሰበትም። ሼሁ በየማለዳው ጥቂት እየለቀሙ ሜዳው ላይ ለታመሙት ያድሉ ነበር። ሁላችንም ወደ እርሳቸው ዞርን።

«ይህን ከሰጠን እህሉ ይመጣል ነው የምትሉት?» አሉ ሼህ እንድሪስ።

«ሰዎቹ ደስ ብሏቸው ከሄዱ ምን ይከለክለዋል?» አሉ ግራዝማች። «አብሽሩ፣ ሼህ። ከድጃ ዱቄት ተሸክማ ነው ወደ ቤትዎ የምትገባው።»

«እንግዲያስ ልቀሙት። አላህ ለኸይር ያድርገው።»

ሥራው የተከናወነው ምግብ ቤት በነበራቸው በእትዬ አስካለ ማድ ቤት ነው። መጽሐፉን በጤፍ ዕቃ ላይ ገልጬ፣ እያንዳንዱን ዐረፍተ ነገር እየተረጐምሁ አስፈጸምሁ። ብርቱካኑ ተልጦ፣ በፍሬዎቹ መካከል ያለው ስስ ቆዳ ሳይቀር ተገፎ፣ ፍሬው ብቻውን ቀረ። ፖም የሚለውን በትርንጎ ተካሁ። መጽሐፉ ከልጣጩ ሥር ያለው ነጩ ክፍል ይወገድ ይላል፤ ከትርንጎ የሚበላው ግን ነጩ ስለሆነ በዚህ አንቀጽ ላይ ከደራሲዋ ጋር ተለያየን። ለማጣፈጫው ሎሚና ብርቱካን ጨምቀን፣ ማር አሟሟንበት፤ ጥቂት ዝንጅብልና ቁንጥር ጨው ጨመርን።

እትዬ አስካለ እጃቸውን ወገባቸው ላይ አድርገው ይመለከቱኝ ነበር።

«ሎሚ አልህ፣ ማር አልህ፣ ዝንጅብል አልህ» አሉ። «መምህር፣ ሰዎቹ ሊመረምሩ ነው የሚመጡት ወይስ ጉንፋን ይዟቸዋል?»

ይህን ሁሉ የሚይዝ ሳሕን በከተማው አልተገኘም። በመጨረሻ አበባ የተሳለበት የእጅ መታጠቢያ ሳፋ ተገዛ። እትዬ አስካለ እጅ ያልታጠበበት አዲስ ሳፋ መሆኑን ላልጠየቃቸው ሰው ሁሉ እየማሉ አስረዱ።

መርማሪዎቹ ከሰዓት በኋላ ዘግይተው በላንድሮቨር ደረሱ። ሐኪሙ ገና ከመኪናው ሳይወርድ «ሰዎቹ የት ናቸው?» ብሎ ጠየቀ።

«መጀመሪያ ምሳ» አሉ ግራዝማች። «በባዶ ሆድ ረሃብ ይታያል እንዴ?»

ሳፋው በሁለት ሰው ተይዞ ገባ። መሪው መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉና መልሰው አደረጉ። ብርቱካኑ፣ ትርንጎውና ሙዙ በማጣፈጫው ውስጥ ያበሩ ነበር። መጽሐፉ ላይ ካለው ሥዕል እንደማያንስ ለራሴ መሰከርሁ። መሪው አንድ ማንኪያ ቀመሱ፤ ዐይናቸውን ጨፈኑ፤ ከዚያም ሳሕናቸውን ጨረሱ።

ግራዝማች ቆመው ያስተናግዱ ነበር። «በሞቴ፣ ጌታዬ፣ አንድ ጭልፋ ይጨመር።»

«በቃኝ፤ ለእናንተም ይትረፋችሁ።»

«ኧረ ምን ጠፍቶ። ቤቱ ሙሉ ነው። ይብሉ።»

በአገራችን ያደገ ሰው ይህ አነጋገር ምን እንደሆነ ያውቃል። እንግዳ በቃኝ ሲል ባለቤት ሞልቷል ይላል፤ መሶቡ ቢገለበጥ ፍርፋሪ ባይወድቅ እንኳ ይላል። የግራዝማችን ጎተራ አውቀው ነበር፤ ቢጮኹበት ያስተጋባል። እርሳቸው ራሳቸው ከዚያ ሳፋ አንዲት ቁራጭ አልቀመሱም። መሪው ግን መርማሪ ስለሆኑ ቃሉን እንደ ምስክርነት ተቀበሉት።

«ሰማህ?» አሉ ወደ ሐኪሙ ዞረው። «ቤቱ ሙሉ ነው ይላሉ። በየሄድንበት ወሬው ይጋነናል። ይህን የመሰለ ብርቱካን ደሴ እንኳ አላየሁም። እህሉን የባሰበት ቦታ ብንወስደው ይሻላል።»

«ሜዳውን ሳናይ?» አለ ሐኪሙ። ማንኪያውን አስቀምጦ ነበር።

«እናያለን፣ እናያለን።»

የግራዝማች ፊት ዐመድ መሰለ። ቤቴ ባዶ ነው ማለት እንግዳውን የበላኸው ከሰው አፍ የተነጠቀ ነው ማለት ነበር፤ ይህን ደግሞ እንግዳው እየበላ ሳለ በእርሳቸው ዕድሜ ያለ የቦረና ሰው አይናገረውም። አፋቸውን ከፈቱ። እኔም እውነቱን ይናገራሉ ብዬ ጠበቅሁ።

«ይጨመርላቸው» አሉ።

ያን ጊዜ ከበሩ አጠገብ ተቀምጠው የነበሩት ሼህ እንድሪስ ተነሡ። «ጌታዬ» አሉ፣ «ይኼ የሚያዩት ያለን ሁሉ ነው። ዛፎቹ ላይ አንድ ፍሬ አልቀረም። እህቴ እታች ሜዳ ላይ ናት። እርሷም ልጆቿም እህል ከቀመሱ ሰነበቱ፤ የሚበሉት ሳማ ነው። እህሉን አይውሰዱብን።»

መሪው በአክብሮት ብድግ ብለው ትከሻቸውን ያዙ። «ሼህ፣ ይህ የወሎ ሰው ትሕትና ነው። ያለውን ሁሉ አቅርቦ ምንም የለኝም ይላል። አባቴም እንዲሁ ነበሩ።»

«ወላሂ፣ ትሕትና አይደለም።»

«አየህ» አሉ መሪው ለሐኪሙ።

እንግዲህ በዚያ ክፍል ውስጥ ውሸቱ ታመነ፤ እውነቱም ተመሰገነ። እኔም ተነሥቼ «ጌታዬ፣ ሼህ የተናገሩት በሙሉ እውነት ነው፤ ሜዳው ከዚህ ሩቅ አይደለም» አልሁ። መሪው ሰላጣውን የሠራሁት እኔ መሆኔን ከግራዝማች ሲሰሙ ደስ አላቸው። ማሩ የሚጨመረው ከሎሚው በፊት ነው ወይስ በኋላ ነው ብለው ጠየቁኝ። በኋላ ነው ብዬ ወደ ተነሣሁበት ጉዳይ ስመለስ ሾፌሩ ብቅ አለ። ፀሐይ ሳትጠልቅ አቀስታ ከተማ ካልደረስን መንገዱ አያስኬድም አለ። ተነሡ።

ሜዳውን ያዩት ከመኪናው መስኮት ነው። ሰዎቹ እህል የመጣ መስሏቸው ወደ መንገዱ ዳር ይወጡ ነበር፤ ላንድሮቨሩ ያነሣው አቧራ ሸፈናቸው። ሐኪሙ አንገቱን አዙሮ እስከ ኩርባው ድረስ ሲመለከት አየሁ።

ወደ ማድ ቤቱ ስመለስ ከበስተጀርባ የተከመረው ልጣጭ አልነበረም።

«የሜዳው ሰዎች ወሰዱት» አሉ እትዬ አስካለ። «አስፈቅደው ነው የወሰዱት።»

እህሉ ከደሴ ተነሥቶ በሌላ መንገድ ሄደ። ለምን ብለን ስንጠይቅ የእናንተ አካባቢ ደህና ነው ተብሏል የሚል መልስ በአውቶቡስ ነጂ በኩል ደረሰን። ግራዝማች ራሳቸው በበቅሎ ተነሥተው ደሴ ድረስ ሄዱ። ደሴ ላይ በክብር ተቀበሏቸው፤ ስለ ሰላጣውም አመሰገኗቸው።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ሼህ እንድሪስ በመንገድ ላይ አቆሙኝ። ከመቃብር እየተመለሱ ነበር።

«መምህር፣ ያ ነገር ይጣፍጥ ነበር?»

«ይጣፍጥ ነበር፣ ሼህ።»

«እንኳን ጣፈጠ» አሉና መንገዳቸውን ቀጠሉ። እስከ ዛሬ ከቁጣ የመነጨ ይሁን ከደግነት ለይቼ አላውቅም።

ከአብዮቱ በኋላ ግራዝማች ታሰሩ። በሕዝብ ስብሰባ ላይ ከቀረቡባቸው ክሶች አንዱ ሕዝብ ሲራብ ፍራፍሬ በማር ይበሉ ነበር የሚል ነው። ለምስክርነት ተጠራሁ። ሰላጣው ነበር ወይ ተባልሁ፤ ነበር አልሁ። ማር ነበረበት ወይ ተባልሁ፤ ነበረበት አልሁ። እርሳቸው ግን አልቀመሱትም ብዬ ስጀምር ጭብጨባ ሆነ። የመርማሪዎቹ መሪ በበኩላቸው ካኪ ልብስ ለብሰው፣ ከቀድሞው ከፍ ያለ ሥልጣን ይዘው ወደ ከተማችን ተመልሰዋል። ያለፈው ሥርዓት ረሃቡን እንዴት እንደ ደበቀ ጥልቅ ንግግር አደረጉ። ንግግሩ ትክክል ስለ ነበር እኔም አጨበጨብሁ። አላወቁኝም።

ዛሬ ይህን ታሪክ ሲያወሩ የሚስቁ ሰዎችን አልቈጣም፤ እኔም ስናገረው፣ በተለይ እትዬ አስካለ ጋ ስደርስ፣ የሳቅሁበት ጊዜ አለ። ከሳቁ በኋላ ግን ለሰሚው የቀረውን ሳልነግረው ተለይቼው እንደ ሄድሁ ይሰማኛል። የቀረው ይህ ነው።

ላንድሮቨሩ ከሄደበት ቀን ጀምሮ ዝናብ እስኪገባ ድረስ ከሜዳው አንሥተን የቀበርናቸው፦ ሰባ ሁለት ሰዎች።

ከእነዚህ ውስጥ ሕፃናት፦ አርባ አንድ።

ከድጃ።

ሁለቱ ልጆቿ።