ለአደይ የነገርኳቸው የጎማ ምስጢር

ነጻነት በመጣ ሰሞን አስመራ ውስጥ የማኪና ውድድር ሊካሄድ ነበር። እኔም ተወዳዳሪ ስለነበርኩ ጥርሱ እምብዛም የማይታይ፣ ለልሙጥ የቀረበ የውድድር ጎማ ሁለት ዓይነት አገኘሁ፤ አንዱ ርካሽ፣ ሌላው ውድ። ጸጸራት ሰፈር ኩርባው ላይ ተራ በተራ ስሞክራቸው በእኛ አነጋገር አደይ የምንላቸው አንዲት እናት መንገድ መሀል ገብተው እጃቸውን ዘረጉ። እግራቸው ሥር ደርሼ ቆምኩ። ታክሲ መስያቸው ኖሮ ገብተው ተቀመጡና «ማይ ተመናይ ሰፈር አድርሰኝ፣ ወደይ፣ ልጄ» አሉኝ።

እምቢ ለማለት አፍሬ ነዳሁ።

«ምን ሆነህ ነው እንዲህ የምትበረው?»

ለማንም ያልነገርኩትን ዘረገፍኩላቸው። «ርካሹ ጎማ ሲግል ይንሸራተታል፣ አደይ። ውዱ ግን አስፋልቱን ሙጭጭ ይላል። እሑድ በእሱ ነው የምወዳደረው።»

«እወ፣ እወ» እያሉ በአዎንታ ራሳቸውን እየነቀነቁ ሰሙኝ።

ቤታቸው ስንደርስ በሩን የከፈተው ሰው እሑድ የምገጥመው ተፎካካሪዬ ነበር። እናቱ ገና ከማኪናው ሳይወርዱ ጮኹ፦

«ወደይ! ርካሹን ጎማ እንዳትገዛ!»