መጥረቢያ ያልያዘ እጅ

ዛሬ ጠዋት በአባቴ ግቢ የደፋሁትን አመድ ዝናብ መታው። የራሰ አመድ ሽታ ወደ አሥር ዓመት ዕድሜዬ መለሰኝ።

ያን ክረምት የግቢያችንን ሰፊ ሣር ሽበት የሚሉት፣ እርጥበት የሚወልደው አረንጓዴ ልባስ ሸፈነው። ሲረግጡት እንደ ስፖንጅ ይሰምጣል። ለማኅበር የመጡ አንድ ቄስ አንሸራቷቸው ከነጥምጥማቸው ወደቁ። አባቴ በኀፍረት ደጃችን ላይ የቆመውን ትልቅ ብሳና ቀና ብለው አዩት።

"የዚህ ጥላ ነው ጉድ ያደረገን" አሉ።

ብሳናው የእኔ ነበር፤ ጥናቴም ጨዋታዬም ከሥሩ። እግራቸው ላይ ወደቅሁ። "አባባ፣ ሽበቱን እኔ አጸዳዋለሁ፤ ዛፉን ይተዉልኝ!"

"ማርያምን! መጥረቢያ አላነሳበትም" አሉኝ።

ሦስት ሳምንት እየዳኽሁ ሽበቱን በጣቴ ቧጠጥሁ፤ እንዳይመለስ ቦታው ላይ አመድ ነሰነስሁ። ጥፍሬ አረንጓዴ ሆነ። አንድ ቀን የፍልሰታን ቅዳሴ አስቀድሼ ስመለስ ብሳናው ሣሩ ላይ ተጋድሟል። ጎረቤታችን በመጥረቢያ ቅርንጫፉን ይመለምላል።

"ማርያምን ብለው ነበር!" ብዬ ጮህሁ።

አባቴ ረጋ ብለው ሁለት እጃቸውን ዘረጉልኝ። "እኔ መቼ መጥረቢያ ያዝሁ?"

እጃቸውን አገላብጬ አየሁት። እውነትም ንጹሕ ነው። የቆሸሸው የእኔ ነበር።

ሽበቱ ግን አልጠፋም፤ ዛሬ ጉቶውን ሳይቀር ሸፍኖታል። አባቴም አርጅተዋል። ፀሐይ ስትበረታባቸው "ልጄ፣ ወንበሬን ወደ ጥላ ውሰጂልኝ" ይሉኛል።

ወንበሩን አነሣና እጠይቃቸዋለሁ፦

"ወደ የትኛው ጥላ፣ አባባ?"