እናቴን ያላሳመናት «ዊዝ»

«ልሞት ነው አይደል?» አለችኝ እናቴ ዛሬ ረፋድ ላይ፣ ውጫሌ ክሊኒክ ታይታ ገና በባጃጅ እንደተመለስን።

ሐኪሙ ደረቷን አዳምጦ ወደ እኔ ዞረና «ዊዝ አላት» አለኝ። እሷ ይቺን ቃል ይዛ ቀረች።

«እማ፣ የበሽታ ስም አይደለም። ስትተነፍሺ ደረትሽ ሲር ሲር የሚለው ድምፅ ነው። ጉንፋን የያዘው ሕፃንም እንዲያ ካለ ዊዝ አለው ይባላል።»

«ሲር ሲር ማለቱንማ እኔው ነገርኩት። ለአንተ ምነው በእንግሊዝኛ ነገረህ?»

ስልኬ ላይ ፈልጌ ድምፁን አሰማኋት። «መቼ ቀዳኸኝ?» አለች። (እውነት ለመናገር ቁርጥ የሷን ነው።)

ትልቅ ሰው ያስረዳት ብዬ ጎረቤታችንን አያ ሰይድን ጠራኋቸው። ስህተቴ ይሄ ነበር። እኛ ጋ መርዶ የሚነገረው በሽማግሌ ነው። ገና በር ላይ ስታያቸው ነጠላዋን ወገቧ ላይ ጠበቅ አድርጋ አሰረች።

«አብሽሪ፣ ወላሂ ምንም የለም» አሏት።

እሷ ግን የምታየው እኔን ነበር። «አባትህ የሞተ ቀንም ‹ትንሽ አሞታል› ነበር ያልከኝ።»



እናንተስ፣ ለበጎ ብላችሁ ከዋሻችሁ በኋላ እውነቱን ስትናገሩ ማን አመናችሁ?