ከፌጦው መድኃኒት ላይ የቆረጥኩት ዓረፍተ ነገር

በጥር ወር፣ ከጥምቀት በኋላ በመጣው የመጀመሪያ ቅዳሜ፣ ጠዋት ሦስት ሰዓት ከሃያ ላይ፣ ደብረ ታቦር ከሚገኝ አንድ የሬዲዮ ስቱዲዮ ውስጥ የፊት ማድያት ማጥፊያ ዘዴ አነበብኩ። ከማነበው ወረቀት ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር ቆርጬ አውጥቼ ነበር። በማግስቱ የአንዲት ልጅ ፊት ተቃጠለ።

ይህን እስካሁን ለአደባባይ አልተናገርኩም። ለባለቤቴ አልነገርኳትም፤ ለአለቃዬ አልነገርኩትም፤ ለንስሐ አባቴም ሌላ ሌላውን እየዘረዘርኩ ይህን ዘልዬዋለሁ። ሰባት ዓመት ሆነው።

ደብዳቤው የመጣው ከእብናት ነው። ላኪዋ ወይዘሮ ዘውድነሽ የሚባሉ፣ ገበያ ላይ ፌጦና ጥቁር አዝሙድ የሚሸጡ አሮጊት ናቸው። ፊደል ስላልቆጠሩ እሳቸው እየተናገሩ አንድ ዲያቆን ጽፎላቸዋል። ፌጦው ተወቅጦ በሎሚ ጭማቂ ይለወስ፣ ማድያቱ ላይ ይቀባ ይላል። ቀጥሎ ያለው ይህ ነበር፦ «አቡነ ዘበሰማያት ሦስት ጊዜ ተደግሞ ሲያበቃ በብዙ ውሃ ይታጠብ፤ ከዚያ ካለፈ ቆዳ ይልጣል።»

ይህንን ነው የቆረጥኩት። እኔ ነኝ የቆረጥኩት።

ክፍሉ ሦስት ደቂቃ ብቻ ስለነበረ ነው ማለት እችላለሁ። ለራሴ ብዙ ጊዜ እንደዚያ ብያለሁ። ግን ዓረፍተ ነገሩ ስላሳፈረኝ ነው። በጸሎት የሚለካ ጊዜ ለዜና ሰው አይመጥንም ብዬ ነው። ወደ ደቂቃ ልለውጠው አሰብኩ፤ ስንት ደቂቃ እንደሚሆን አላወቅኩም፤ ሰረዝኩት። እዚያው ወንበሬ ላይ ሆኜ ሦስት ጊዜ ብደግመው ምን ነበረበት? ሰዓት እጄ ላይ ነበረ። ጸሎቱንም ከልጅነቴ አውቀዋለሁ። ለአንድ የጤና ባለሙያ ደውዬ ይህ ነገር ፊት ላይ ይቀባል ወይ ብዬስ ለምን አልጠየቅኩም? ለጤፍ ዋጋ ሁለት ምንጭ የምፈልግ ሰው ለሰው ፊት አንድም አልፈለግኩም።

ማክሰኞ ጠዋት ልጅቱ ከአባቷ ጋር መጣች። ሙሉ ትባላለች፤ ከጋፋት በኩል ካሉት ገበሬዎች የአንዱ ልጅ ናት። ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ድረስ ተከናንባ ነበር። አባቷ ግለጪለት ሲሏት ገለጠችው። ሁለቱም ጉንጮቿ ተልጠው ውሃ ቋጥረዋል። ጤና ጣቢያ ቅባት ሰጥተዋታል።

«ሲያቃጥለኝ መድኃኒቱ እየሠራ መስሎኝ ታገስኩ» አለች። «እጠቡት አላላችሁም። ደርቆ እስኪረግፍ ጠበቅኩ።»

አባቷ አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። «ጌታው፣ በሬዲዮ የተነገረ ነገር ውሸት ይኖረዋል ብለን አናውቅም» አሉኝ።

ደብዳቤው በመሳቢያዬ ውስጥ፣ ከጉልበቴ አንድ ስንዝር ርቆ ነበር። መሳቢያውን አልከፈትኩም። እኛ አድማጭ የላከውን እንዳለ ነው የምናነበው አልኳቸው። ላኪዋ ሳይጠቅሱት ቀርተው ይሆናል አልኳቸው። የላኪዋን ስምና አገር ቅዳሜ ለት በሬዲዮ ስለጠራሁት አባቷ ማን እንደሆኑ መጠየቅ አላስፈለጋቸውም። ሲወጡ ደብዳቤውን አራት ቦታ ቀደድኩት።

በሚቀጥለው ቅዳሜ፣ በዚያው ሰዓት፣ ማስተካከያ አነበብኩ። ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ፦ «ከእብናት ወይዘሮ ዘውድነሽ በላኩልን የማድያት መድኃኒት ላይ የጥንቃቄውን መመሪያ ሳይጠቅሱ በመቅረታቸው ጉዳት መድረሱን ሰምተናል። አድማጮች እንዳትጠቀሙበት እናሳስባለን።» ድምፄ አልተንቀጠቀጠም። ዓረፍተ ነገሩን መቁረጤን ስህተት ብዬ ልጥራው ብል እንኳ ይህንን ምን ብዬ እጠራዋለሁ? ስህተት እያወቁ አይጻፍም። እኔ እያወቅኩ ጻፍኩት፤ እያወቅኩ አነበብኩት። ከዚያ ቁርስ በላሁ።

ወይዘሮ ዘውድነሽ ምን እንደሆኑ አልጠየቅኩም። መጠየቅ ሥራዬ ነው፤ ሰባት ዓመት ግን አልጠየቅኩም።

ባለፈው ሐምሌ ለእህል ዋጋ ዘገባ እብናት ተላክሁ። ቅመም ሻጮች ተራ ስደርስ፣ ወይዘሮ ዘውድነሽ የሚባሉ ነበሩ ወይ አልኩ። አንዷ «ማን፣ ፊት አቃጣይዋን ነው?» አለችኝና ሳቀች። ሬዲዮ ስማቸውን ካነሳ ወዲህ እንኳን መድኃኒት፣ የወጥ ቅመም የሚገዛቸው እንደጠፋ፣ ገበያውንም ያኔ እንደተዉት ነገረችኝ። ቤታቸውንም አሳየችኝ።

በር ላይ ተቀምጠው ምስር ይለቅማሉ። ስሜን ስነግራቸው ከሬዲዮው አወቁኝ፤ ተነሥተው ሊያስገቡኝ ሲሉ አይ፣ ይቀመጡ ብዬ ቆሜ ነገርኳቸው። የቆረጥኩትን፣ የዋሸሁትን፣ የቀደድኩትን። ሲሰሙ እጃቸው ከሰፌዱ ላይ አልተነሣም።

«ደብዳቤው ላይ ነበረ?» አሉኝ።

«ነበረ፣ እማማ።»

«ሦስት አቡነ ዘበሰማያት ይላል?»

«ይላል።»

«እንግዲያ አልረሳሁም» አሉ።

ምስራቸውን እየለቀሙ የቀረውን ነገሩኝ። ዲያቆኑ ከዚያ በፊት ወደ ሌላ አገር ሄዶ ስለነበር የሚጠይቁት ሰው አልነበራቸውም። ሬዲዮው አልተናገረችም ካለ አልተናገርኩም ማለት ነው ብለው አመኑ። አእምሮዬ ከድቶኛል ብለው ለሰው መድኃኒት መስጠት አቆሙ። የሰው ልጅ አቃጥያለሁ ብለው ለንስሐ አባታቸው ተናዘዙ፤ ቀኖናም ተቀበሉ። ሁዳዴውን ሙሉ፣ ከሰኞ እስከ ዓርብ፣ በየቀኑ አርባ አንድ ስግደት።

ይቅር ይበሉኝ አልኩ። «እኔ ምን አለኝ፣ ልጄ» አሉ። «ለልጅቱ ንገራት። ስትረግመኝ ኖራ ይሆናል።»

ነገርኳት። ሙሉ አሁን አግብታ ደብረ ታቦር ትኖራለች፤ በግራ ጉንጯ ላይ የጠቆረው ቦታ አልለቀቀም። ሰምታ፣ «ረግሜያቸዋለሁ» አለች።

ይቅርታ እንድታደርጉልኝ አይደለም የምጽፈው። ወጣት ነበርኩ አልልም፤ አርባ አልፎኝ ነበር። አለቃ አስገድዶኝ አልልም፤ ማስተካከያውን ማንም ሳያየው ነው ያነበብኩት። ዓረፍተ ነገሩን አሁን ሙሉውን ከላይ አስፍሬዋለሁ። የእሳቸው ነው።

ከእብናት ከመመለሴ በፊት፣ የሰማሁትን ከሌላ ሰው ማረጋገጥ ነበረብኝ፤ ጎረቤታቸውን ጠየቅኩ። ሁዳዴውን ሙሉ ቤተ ክርስቲያን አብራቸው ትሄድ ነበር። አምስተኛው ሳምንት ላይ የቀኝ ጉልበታቸው አብጦ አልታጠፍ እንዳለ፣ ቁጥሩን ግን አንድም ቀን እንዳላጎደሉ ነገረችኝ። ከዚያ ፋሲካ ጀምሮ የሚሄዱት በምርኩዝ ነው።